የዓባይን ጎተራ በሒሳብ የለኩት አዛውንት

ስለ ዓባይ በአገራችን ያልተጻፈ ነገር ያለ አይመስልም። ስለ ነገሥታቱ ደብዳቤ፣ ስለ ቅኝ ገዥዎች ውል፣ ስለ ካይሮ ዛቻና ስለ ጉባው ግድብ ስንጽፍና ስናነብ ኖረናል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህንን ወንዝ ሲቆጥሩና ሲደምሩ የኖሩት ሰው ስም ግን ከውኃ ምሕንድስና ክፍሎች ውጪ እምብዛም አይነሣም። ሰውየው እንግሊዛዊው ሀሮልድ ኤድዊን ኸርስት ናቸው። ግብፆች “አቡ ኒል” ይሏቸው ነበር፤ የናይል አባት ማለት ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህንን ቅጽል ስም ሲሰማ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። የወንዙ አባት ማን እንደሆነ ለማወቅ ሐምሌ ላይ ጎጃም መውረድ ይበቃልና። ያም ሆኖ የሰውየውን ሕይወት ማወቅ ይጠቅመናል። ምክንያቱም ሦስቱ አገሮች ድርድር ላይ በተቀመጡ ቁጥር የሚወዛገቡባቸው ቁጥሮች፣ በተለይም “ተከታታይ ድርቅ” የሚባለው ነገር፣ ሥራቸው ሲመዘዝ በእኚህ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኸርስት የተወለዱት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1880 ሌስተር በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ አካባቢ ነው። አባታቸው የመንደር ግንበኛ ነበሩ። ቤተሰቡ እጅ አጠር ስለነበር ልጁ በ15 ዓመቱ ትምህርት ቤት ለቀቀ። ኬሚስትሪና አናጢነት ተማረ፤ በለማጅ መምህርነት ተቀጥሮ ቀን እያስተማረ ማታ ይማር ነበር። የማታ ተማሪ የነበረ አንባቢ የቀረውን ሳይነገረው ያውቀዋል። በ20 ዓመታቸው ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በሒሳብ ዝግጅታቸው ደካማ ስለነበር እንደሌሎቹ ተማሪዎች መራመድ ከብዷቸው ነበር ይባላል። ይሁን እንጂ በእጅ ሥራና በመለካት የነበራቸውን ተሰጥኦ ያዩ መምህራን አግዘዋቸው ፊዚክስን በአንደኛ ማዕረግ አጠናቀቁ። በኋላ ስማቸው በሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ የገባው ሰው ሒሳብ ያስቸገራቸው ተማሪ እንደነበሩ ልብ ይሏል።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ በ1906 ወደ ግብፅ ሄዱ። ሐሳባቸው አጭር ጊዜ ሠርተው መመለስ ነበር፤ ከ60 ዓመት በላይ ቆዩ። ግብፅ ከ1882 ጀምሮ በእንግሊዝ ጦር እጅ ነበረች፤ የውኃ ሥራዋም በእንግሊዝ መሐንዲሶች ሥር ነበር። የወጣቱ ፊዚሲስት የመጀመሪያ ሥራ ግን ከውኃ ጋር አይገናኝም። ከጠፈር መመልከቻው ጣቢያ ትክክለኛውን ሰዓት ወደ ካይሮው ምሽግ ማስተላለፍ ነበር፤ በዚያ ምልክት የቀትር መድፍ ይተኮሳል። ከጊዜ በኋላ በሕዝባዊ ሥራዎች ሚኒስቴር ውስጥ ፊዚካል ዲፓርትመንት የተባለውን ክፍል መሩ። የዚህ ክፍል ሥራ ወንዙን መለካት ነበር፤ በየዓመቱ ምን ያህል ውኃ በየት እንደሚያልፍ፣ ስንቱ እንደሚተን፣ ስንቱ ረግረግ ውስጥ ገብቶ እንደሚቀር።

ኸርስት ወንዙን በካርታ ብቻ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። በእግር ከተሸካሚዎች ጋር፣ በብስክሌት፣ በጀልባ፣ በመኪና፣ በኋላም በአውሮፕላን የናይልን ተፋሰስ ዞረዋል። ያገኙትን ከባልደረቦቻቸው ጋር “ዘ ናይል ቤዝን” በተባሉ ተከታታይ ቅጾች አሳተሙት፤ ከእነዚህ ባልደረቦች መካከል እንግሊዛዊው ብላክና ግብፃዊው መሐንዲስ ዩሱፍ ሲማይካ ይገኙበታል። ግብፅ በ1922 ነፃ ነኝ አለች፤ በ1952 ንጉሡ ወረዱ፤ በ1956 የኸርስት አገር ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር ሆና ግብፅን ወጋች። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰውየው ከሥራው አልተነቀሉም፤ በመጨረሻዎቹ አሠርት ዓመታት የሚኒስቴሩ የሳይንስ አማካሪ ነበሩ። ወንዝን የሚያውቅ ሰው ከአብዮት ይተርፋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንግባ። ኸርስት ግብፅ ሲደርሱ አስዋን ላይ በ1902 የተጠናቀቀ ግድብ ነበር። ቁመቱ ሁለት ጊዜ ተጨምሯል፤ አንደኛው በ1912፣ ሁለተኛው በ1933 ተጠናቀቀ። ከሁለተኛው ጭማሪ በኋላ እንኳ የሚይዘው ከ5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ትንሽ የሚበልጥ ውኃ ነበር። በዓመት በአስዋን በአማካይ ያልፍ ከነበረው ከ80 ቢሊዮን በላይ ውኃ ጋር ሲነጻጸር ይህ ጭላጭ ነው። ግድቡ በክረምቱ ሙላት ጊዜ በሮቹን ከፍቶ ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ደለልና ደራሽ ውኃ ወደ ባሕር ያሳልፋል፤ ሙላቱ ካለፈ በኋላ ዘግቶ ጥሩውን ውኃ ይይዛል፤ በበጋው ለጥጥ ማሳ ይለቃል። ይህ ከወር ወር የሚያደርስ እንጂ ከዓመት ዓመት የሚያደርስ ጎተራ አይደለም። በ1913 የኢትዮጵያ ክረምት ከዳ፤ በአስዋን ያለፈው ውኃ ከአማካዩ ግማሽ ብዙም አልበለጠም። ያ ዓመት የግብፅን የውኃ ሹሞች ለዕድሜ ልክ አስደነገጣቸው። አንድ መጥፎ ዓመት ይህን ካደረገ፣ ሁለትና ሦስት ተከታትለው ቢመጡስ? ኸርስት ቀሪ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በገበሬ ቋንቋ ሲነገር ቀላል ነው። ጎተራ ያለው ገበሬ እናስብ። የማሳው ምርት ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ቤተሰቡ ግን በየዓመቱ እኩል መብላት ይፈልጋል። የመቶ ዓመቱ ምርት ተደምሮ ለመቶ ሲካፈል የሚመጣውን አማካይ በየዓመቱ ቢበላ፣ ምርት በተረፈበት ዓመት ትርፉን ጎተራ ያስገባል፣ በጎደለበት ዓመት ከጎተራ ያወጣል። እንግዲህ አንድም ዓመት ሳይራብ፣ አንድም ቁና እህል ቦታ ጠፍቶለት ሳይፈስበት መቶውን ዓመት ለመዝለቅ ጎተራው ምን ያህል መሆን አለበት? መልሱ የሚገኘው ትርፍና ጉድለቱን ከዓመት ዓመት እያከታተሉ በመደመር ነው። ድምሩ ከደረሰበት ከፍተኛ ቦታ ላይ ዝቅተኛው ሲቀነስ የሚገኘው ልዩነት የጎተራው መጠን ይሆናል። ሪፕል የተባሉ መሐንዲስ ይህንን ዓይነት ስሌት በ1883 ለውኃ ማጠራቀሚያዎች አውለውት ነበር።

ችግሩ ያለፈው መቶ ዓመት የተመዘገበ ሲሆን የሚመጣው መቶ ዓመት ያልተመዘገበ መሆኑ ነው። ስለሚመጣው ለመናገር ዓመታቱ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚተዋወቁ ማወቅ ያስፈልጋል። የዘንድሮ ዝናብ የአምናውን የማያስታውስ ከሆነ፣ ማለትም እያንዳንዱ ዓመት ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይም ጎፈር እንደማለት ከሆነ፣ ሒሳቡ የታወቀ ነው። የዘመኑ ርዝመት አራት እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ጎተራ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ በሒሳብ አነጋገር ከዓመታቱ ብዛት ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ያድጋል። የሒሳብ ሊቁ ዊልያም ፌለር በ1951 ለዚህ ጥብቅ ማረጋገጫ አቅርበዋል። ኸርስት ግን ማረጋገጫውን አልጠበቁም። ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን አሥር ሳንቲሞችን ደጋግመው እየወረወሩ፣ ቁጥር የተጻፈባቸውን የመጫወቻ ካርታዎች እየበወዙና እየሳቡ፣ ያልኖሩ ወንዞችን በጠረጴዛቸው ላይ አፈሰሱ። ዛሬ መሐንዲሶች ሲሙሌሽን የሚሉት ይህንኑ ነው። ከሥራ ባልደረቦቻቸው መካከል የሚኒስቴሩ ሽማግሌ ቁማር ጀመሩ ብሎ የጠረጠረ እንደነበር ማስረጃ የለኝም፤ ቢኖር ግን አይገርመኝም።

ከዚያ እውነተኛውን ወንዝ አመጡ። ግብፅ በዚህ ረገድ ዓለም የሌለው ሀብት አላት። ካይሮ ውስጥ ሮዳ በምትባለው ደሴት ያለው የወንዝ መለኪያ፣ ኒሎሜትር የሚሉት፣ ከ622 ጀምሮ የተመዘገቡ የውኃ ከፍታዎችን አስተላልፏል። መዝገቡ የተያዘው ለሳይንስ ፍቅር አልነበረም፤ የዓመቱ ግብር የሚወሰነው ወንዙ በደረሰበት ከፍታ ስለነበር ነው። ግብር ሰብሳቢ የማይመዘግበው ነገር የለም፤ የሕግ ሰዎችም የታሪክ ሰዎችም ለዚህ ባለዕዳዎች ነን። ኸርስት በዚህ አልቆሙም። የሌሎች ወንዞችን መዝገብ፣ የዝናብና የሙቀት መጠንን፣ የዛፍ ቀለበቶችን፣ በሐይቅ ወለል ላይ በየዓመቱ የተነጠፈ ጭቃን፣ በፀሐይ ላይ የሚታዩ ነጠብጣቦችን፣ የስንዴ ዋጋን ሳይቀር ሰበሰቡ። 75 ያህል የተለያዩ ነገሮች፣ ወደ 700 የሚጠጉ ተከታታይ መዝገቦች ነበሩ። ሁሉንም በእጅ ደመሩ።

ያገኙት ነገር ያልጠበቁት ነበር። የተፈጥሮ መዝገቦች እንደ ሳንቲም አልሆኑም። ዘመኑ አራት እጥፍ ሲሆን ጎተራው ሁለት እጥፍ ሳይሆን 2.7 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ሳንቲሙ ላይ 0.5 የሆነው የዕድገት መጠን በወንዙ፣ በዛፉ፣ በጭቃውና በዝናቡ ላይ በአማካይ ወደ 0.72 ይጠጋል። ይህ በአኃዝ ሲታይ ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። የጎተራውን መጠን በወንዙ የዓመት ከዓመት መዋዠቅ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በሚባለው፣ ብንሰፍረው፣ ለመቶ ዓመት በሳንቲሙ ሒሳብ የሚያስፈልገው 12.5 ስፍር ነው። በኸርስት ሒሳብ ግን ወደ 16.7 ይደርሳል፤ አንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ለሺህ ዓመት ከተሰላ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው።

ምክንያቱ ጥሩ ዓመትና መጥፎ ዓመት በየተራ ሳይሆን ጓዝ ይዘው መምጣታቸው ነው። የናይልን ራሱን ብንወስድ፣ ከ1870 እስከ 1899 ባሉት ዓመታት በአስዋን በአማካይ ያለፈው ውኃ በዓመት ወደ 110 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ነበር። ከ1900 እስከ 1959 ባሉት ዓመታት አማካዩ ወደ 84 ቢሊዮን ወረደ። ያው ወንዝ ነው። በ1895 አንድ ዳኛ የናይል አማካይ ፍሰት ስንት ነው ብሎ ምስክር ቢጠራ፣ ምስክሩ ዋሽቶ ሳይሆን እውነቱን ተናግሮ ያሳስተው ነበር።

ኸርስት ይህንን ጥናት በ1951 በአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ አወጡ። ዕድሜያቸው 71 ነበር። አብዛኛው ሰው የጡረታ መታወቂያውን በሚፈልግበት ዕድሜ ስም የሚያስጠራ ሥራ ሠሩ። የዘመኑ ስታቲስቲክስ ዐዋቂዎች ግን ግራ ተጋቡ፤ ቁጥሩን መካድ አይችሉም፣ በያዙት ንድፈ ሐሳብም ማስረዳት አይችሉም። ጉዳዩን ያነሣው በ1960ዎቹ ዋርሶ ተወልደው በፈረንሳይ አድገው ለአሜሪካው አይቢኤም ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት የሒሳብ ሊቅ ቤንዋ ማንዴልብሮት ነው። ማንዴልብሮት ከውኃ ባለሙያው ዋሊስ ጋር በ1968 ባወጡት ጽሑፍ ይህንን የተፈጥሮ ጠባይ በዮሴፍ ስም ጠሩት። ሰባት የጥጋብና ሰባት የራብ ዓመታት በተከታታይ እንደሚመጡ ፈርዖንን ያስጠነቀቀው፣ እህሉንም በጎተራ ያስከተተው ዮሴፍ ማለት ነው። ስያሜው ከዚህ የተሻለ ሊገጥም አይችልም፤ ወንዙም ያው፣ አገሩም ያው፣ ሥራውም ያው። የዕድገቱ መጠን ምልክትም ለኸርስት ክብር ሲባል በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል “ኤች” ተባለ። ዛሬ ይህች ፊደል በአክሲዮን ገበያ፣ በኢንተርኔት መረጃ ፍሰትና በልብ ትርታ ጥናት ውስጥ ትገኛለች። ተፈጥሮ በእርግጥ ረዥም ትዝታ አላት ወይስ አማካዩ ራሱ ቦታውን ስለሚቀያይር ትዝታ ያላት ይመስላል የሚለው ክርክር አልተዘጋም፤ ቪት ክሌመሽ የተባሉት የውኃ ሳይንቲስት ሁለተኛውን በ1974 በብርቱ አንሥተውታል። ለግድብ ሠሪውና ለውል አርቃቂው ግን ውጤቱ ያው ነው። በትናንቱ አማካይ የሚተማመን ሁሉ ይቸገራል።

ከዚህ ሒሳብ የወጣው ዕቅድ “የክፍለ ዘመን ክምችት” ይባላል። ኸርስት፣ ብላክና ሲማይካ በ1946 ባሳተሙት ሰባተኛ ቅጽ ዘርዝረውታል። ሐሳቡ ለመቶ ዓመት የሚሆነው ጎተራ በረሃ ላይ ሳይሆን በወንዙ ራስ፣ በትልልቆቹ ሐይቆች ላይ ይሁን የሚል ነበር። ምክንያቱን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። የቪክቶሪያ ሐይቅ ስፋት ወደ 68 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንድ ሜትር ከፍ ቢል 68 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል። የሐይቁ ገጽ አስቀድሞም ስላለ ተጨማሪው ትነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የእኛው ጣና ወደ ሦስት ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ በየሜትሩ ሦስት ቢሊዮን ይጨምራል፤ ያውም በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በደጋ አየር። ከደቡቡ የሚመጣው ውኃ በሱዳን ረግረግ ውስጥ እንዳይጠፋ ደግሞ ጆንግሌይ ላይ ቦይ ይቆፈራል። ከዕቅዱ የተተገበረው ጥቂት ነው። ኡጋንዳ ውስጥ በ1954 የተመረቀው የኦወን ፏፏቴ ግድብ ቪክቶሪያን በአንድ ሜትር ከፍ አድርጎ እንዲይዝ ሆኖ ሲሠራ ግብፅ ወጪውን ተጋርታለች።

ጣና ላይ ግን ሒሳቡ ከሕግ ጋር ተላተመ። እንግሊዝ ሐይቁን ስትመኝ የቆየችው ኸርስት ዕቅዳቸውን ከማውጣታቸው ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በፈረሙት ውል፣ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በጣና፣ በጥቁር ዓባይና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያቆም ሥራ እንዳይሠራ ተስማምተዋል። ወንዙን ከዳር እስከ ዳር መድፈንና ከወንዙ መጠቀም አንድ አለመሆናቸውን የእኛ ወገን ሲከራከርበት ኖሯል፤ ሕግ ለተማረ ሰውም የውሉ ቃል የሚደግፈው ይህንኑ ንባብ ነው። በ1925 እንግሊዝና ኢጣሊያ ስለ ጣና ከእኛ ጀርባ ደብዳቤ ሲለዋወጡ ራስ ተፈሪ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ከዚያም ኢትዮጵያ ጄ. ጂ. ኋይት የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ጠርታ ግድቡን ራሷ ለማስጠናት ሞከረች፤ የፋሽስት ወረራ አቋረጠው። የደሴቶቹ ገዳማት በውኃ ይዋጣሉ የሚለውም ሥጋት ቀላል አልነበረም። እንግዲህ ኸርስት በ1946 ጣናን በሠንጠረዣቸው ውስጥ ሲያስገቡ የገቡት በዚህ ሁሉ ነገር መሐል ነበር። ስሌታቸው የግብፅንና የሱዳንን ፍላጎት ለማሟላት የተሠራ ነው። ውኃው የሚመነጭበት አገር ሕዝብ በእነዚያ ቅጾች ውስጥ ከዝናብ መለኪያዎቹ ባነሰ ይታያል። ሰውየውን በክፋት አልከሳቸውም፤ ደመወዛቸውን የሚከፍለው የግብፅ ሚኒስቴር ነበርና። ሆኖም ተፋሰሱን እንደ አንድ አካል ያዩ የመጀመሪያው ታላቅ ሳይንቲስት መሆናቸውና ያንን አካል በአንድ አገር ዓይን ማየታቸው፣ ሁለቱም እውነት ናቸው።

የ1952ቱ የግብፅ መኮንኖች ጎተራቸው በሰው አገር እንዲቀመጥ አልፈለጉም። ዳኒኖስ የተባሉ ግሪካዊ ግብፃዊ ሲያቀርቡት የነበረውን ሐሳብ አንሥተው፣ የክፍለ ዘመኑን ክምችት በሙሉ አስዋን ላይ ለማድረግ ወሰኑ። በ1960 ተጀምሮ በ1970 የተጠናቀቀው ከፍተኛው የአስዋን ግድብ ሐይቅ 162 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ 90 ቢሊዮኑ ለሥራ የሚውለው ክምችት ነው። በውኃ ሒሳብ ቦታው መጥፎ ነው፤ በዓመት ወደ አሥር ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ለበረሃው ፀሐይ ይገብራል። በፖለቲካ ሒሳብ ግን ቁልፉ በራስ ኪስ ነው። ኸርስትም በሥራቸው ቀጠሉ፤ በ1965 ስለ ረዥም ጊዜ ክምችት፣ በ1966 ደግሞ ስለ ናይል ዋና ዋና ፕሮጀክቶች ከሁለቱ ባልደረቦቻቸው ጋር መጻሕፍት አሳተሙ። በ86 ዓመታቸው ማለት ነው።

ከኸርስት ሥራ ውስጥ ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው ስለ ጎተራው መጠን ያሉት ሳይሆን ስለ አቀዳዱ ያገኙት ነው። ገበሬው በየዓመቱ አማካዩን ሙሉ ለሙሉ የሚበላ ከሆነ የሚያስፈልገው ጎተራ ግዙፍ ነው። ከአማካዩ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ቢበላ ግን ጎተራው በፍጥነት ያንሳል። በኸርስት ቀመር፣ የሚቀዳው ውኃ ከአማካዩ በስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ አንድ አሥረኛ ብቻ ዝቅ ቢል፣ የሚያስፈልገው ክምችት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። በ2001 ዓ.ም. ግድቦቻችን ውኃ አጥሯቸው በፈረቃ መብራት ያመሸን ሰዎች የዚህን ቀመር ትርጉም በሻማ ብርሃን አጥንተነዋል። ቀድሞ ጥቂት መቆጠብና ጎተራው ሲራቆት መደንገጥ ዋጋቸው እኩል አይደለም።

በዚህ ዓይን የ1959ኙን የግብፅና የሱዳን ውል እንመልከት። አማካዩ 84 ቢሊዮን ተብሎ ተያዘ፤ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5፣ ለትነትና ለብክነት አሥር። ሲደመር 84 ነው። አንድ ጠብታ አልተረፈም። ውኃው በብዛት ለሚመነጭባት ኢትዮጵያ አንድ ሊትር አለመተዉ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፤ ኢትዮጵያም ውሉ ከመፈረሙ በፊት በ1956ና በ1957 መብቷ የተጠበቀ መሆኑን በጽሑፍ አሳውቃለች፤ ሁለት ሰዎች የተፈራረሙት ውል ሦስተኛውን እንደማያስር የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ያውቀዋል። ያልተነሣው ሌላው ነገር ውሉ ለፈራሚዎቹ ራሳቸው አደገኛ መሆኑ ነው። አማካይን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ያከፋፈለ ውል፣ የወንዙን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰው አማካይን አትመኑ ካሉ ከስምንት ዓመት በኋላ ተፈረመ። እርግጥ ነው፣ አርቃቂዎቹ ነገሩን ጨርሰው አልዘነጉትም። ተከታታይ የድርቅ ዓመታት ቢመጡ የጋራ ቴክኒክ ኮሚቴው ፍትሐዊ አሠራር ይፈልጋል የሚል ቃል አስገብተዋል። ሕግ አዋቂ ቁጥር ሲያስቸግረው ኮሚቴ ያቋቁማል።

ኸርስት በ1968 ግብፅን ለቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዲሴምበር 1978 በ98 ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ዓመት ጆንግሌይ ላይ የቦዩ ቁፋሮ ተጀምሮ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ቆመ፤ ግዙፉ መቆፈሪያም እዚያው ዝጎ ቀረ።

እሳቸው በሞቱ ማግሥት፣ ከ1979 ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ክረምት ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ደከመ። እኛ ዘንድ የ1977 ዓ.ም. እልቂት የደረሰበት ዘመን ነው። የአስዋን ሐይቅ በየዓመቱ ወረደ። ሱዳን ድርሻዋን ሙሉ በሙሉ አለመጠቀሟ ባያግዝ ኖሮ ከዚያም በፈጠነ ነበር። በጁላይ 1988 የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 150 ሜትር ደረሰ፤ 147 ሜትር ላይ ተርባይኖቹ መቆም ነበረባቸው። የጎደለው ሦስት ሜትር ነው። በዚያው ክረምት የኢትዮጵያ ደጋ ጠገበ፤ ካርቱም ተጥለቀለቀች፤ አስዋን ተረፈ። 90 ቢሊዮኑ ክምችት አንድ ተከታታይ ድርቅ በጭንቅ አሳለፈ።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው የእኛ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል፤ ይህ የጥቁር ዓባይ የአንድ ዓመት ተኩል ፍሰት ያህል ነው። ኸርስት የተመኙት በደጋው ጫፍ ያለ ጎተራ፣ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ባለቤት እጅ መጣ ማለት ይቻላል። ከ2019 መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ዋሽንግተን ላይ በተካሄደው ድርድር የመጨረሻው እንቅፋት የግድቡ ቁመትም አጠቃላይ መጠኑም አልነበረም። ድርቅ፣ የተራዘመ ድርቅና የተራዘሙ ደረቅ ዓመታት የሚባሉት ነገሮች የሚለኩት በምን እንደሆነ፣ ሲከሰቱም ኢትዮጵያ ከጎተራዋ ስንት እንደምትለቅ ነበር። የአንድ ዓመት ጉድለት ሳይሆን የአራትና የአምስት ዓመታት አማካይ መለኪያ ሆኖ ቀርቧል። እዚህ ላይ ነው የአዛውንቱ ፊደል ወሳኝ የምትሆነው። ዓመታቱ እንደ ሳንቲም ናቸው ብሎ ያሰላ ተደራዳሪ፣ እንዲህ ያለው ግዴታ አልፎ አልፎ ብቻ የሚቀሰቀስ መስሎት ሊፈርም ይችላል። በኸርስት ሒሳብ ግን ደረቅ ዓመታት ተያይዘው ስለሚመጡ ግዴታው ከታሰበው በላይ ደጋግሞ ይመጣል፤ ከመጣም ቶሎ አይለቅም፤ ያን ጊዜ የጉባ ተርባይኖች ውኃ ከፍታቸውን እያጡ ለአስዋን ይለቃሉ። በተቃራኒው የግብፅ ተደራዳሪ 1988ን የሚያስታውስ ከሆነ ይህንን አንቀጽ አልለቅም ቢል የሚፈራው የሌለ ነገር አይደለም። ሁለቱም የሚከራከሩት በአንድ ሰው ግኝት ላይ ነው።

ኢትዮጵያ በመጨረሻው የዋሽንግተን ስብሰባ አልተገኘችም። በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር የቀጠለውም ንግግር አንቀጹን አልዘጋውም። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ደረቅ ዓመታት ሲከታተሉ ማን ስንት እንደሚለቅ ሦስቱ አገሮች የተፈራረሙበት ወረቀት አልነበረም።